ከዋሴ የበለጠ ደመወዝ

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ ለጋሼ ደግፌ፣

ሳሮ ነህ ወይ፣ ደህና ነህ ወይ? የጌታ ሰላም በምታድርበት ቤትና በምትከፍተው ሱቅ ላይ ይሁን። እኔና እናትህ እማማ በእርሱ ቸርነት ደህና ነን።

ደብዳቤ ስጽፍልህ እንዳትደነግጥ፣ ማንም አልሞተም። በስልክ ስትደውል እማማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጎረቤቱን ሁሉ ስለምታሰማ፣ ሰላም ነው ሰላም ነው ተባብለን እንዘጋዋለን። እኔ ደግሞ ጎረቤት ሳይሰማ የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አንተም እንዲሁ አድርግ፤ እማማ ቴሌግራም መክፈት አትችልም።

በአረካ መንገድ አዲስ የተከፈተ የዱቄት ፋብሪካ አለ። «ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ዜሮ ዓመት» ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ እስካሁን ሰሌዳው ላይ የማየው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ፣ አራት ዓመት ልምድ የሚል ነው። ልምዱን ማን ይሰጠናል ብሎ የጠየቀ የለም። ዜሮ ዓመት የሚለውን ሳነብ የራሴን ስም ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።

ችግሩ ቅጹ ላይ ነው። «የሚጠብቁት ደመወዝ» የሚል ባዶ ቦታ አለው። እስካሁን ባመለከትኩበት ሁሉ «በስምምነት» ብዬ ነው የምጽፈው። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጽፈው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ሴትዮ ሳንነግራት ራሷ ትተይብልናለች። እነዚህ ግን ከሥሩ «በቁጥር ብቻ ይሞላ» ብለውበታል። አብራኝ የተመረቀችው ሶልያና አራት ሺህ ጻፊ ትለኛለች፣ ብቻ ይቅጠሩሽ። ጋሽ ቦልቴን አረካ ደውዬ ጠየቅኳቸው። ያው የእማማ የወንድም ልጅ ስለሆኑና አስተማሪም ስለሆኑ ያውቃሉ ብዬ ነው። እሳቸው ጭራሽ ተቆጡ። «ልጅ ሆነሽ ዋጋሽን በራስሽ አፍ ትጠሪያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እኛ ቤት ይጨመርልሽ ሲባል እንኳ በቃኝ ነው የሚባለው። ብቻ ዋስ እሆንሻለሁ ያሉት ቃላቸው እንዳለ ነው፤ ከተመረቅኩ ጀምሮ ለዚያ ቀን ኮታቸውን እንዳዘጋጁ ነው።

አንተ በንግድ ዓለም የኖርክ ሰው ነህና ስንት ልጻፍ? ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል።

የእማማ የስኳር መድኃኒት ደግሞ ሊያልቅ ነው። ኦቶና ሆስፒታል ሄጄ ዋጋ ጠይቄያለሁ፣ ጨምሯል። አስቸኳይ አይደለም።

የእህትህ ልጅ ሩታ

*

ሩስተንበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ለእህቴ ልጅ ለሩታ፣

እግዚአብሔር ከፊት ከፊትሽ እየሄደ በር ይክፈትልሽ። ማንም አልሞተም የሚለውን እስካነብ ድረስ ወገቤ ራደ። ሁለተኛ እንዲህ ያለውን ነገር ከሰላምታው በፊት ጻፊው።

አሁን ስሚኝ። አሥራ አንድ ሺህ ብለሽ ጻፊ። አሥርም አይደለም፣ አሥራ ሁለትም አይደለም። ከየት አመጣኸው ብለሽ አትከራከሪኝ።

አራት ሺህ ብለሽ ከገባሽ በአራት ሺህ ታረጃለሽ። እኔ ያለሁበትን ሎኬሽን ታውቂው የለ፣ ድሃ ድሃው ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ የሐበሻ ሱቅ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። እዚህ ስንቱን የሀገሬን ልጅ አየሁት መሰለሽ፣ «ስንት ትከፍለኛለህ?» ብሎ መጠየቅ አፍሮ በሰው ሱቅ ዓመት ሙሉ ሲያገለግል። ሲጨርስ ምን ያገኛል? ተባረክ ይባላል።

ቦልቴ ሰው ማለት እሱ ነው፣ አልጠላውም። ግን በዚህ ሁሉ ዘመኑ ስንት ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከየት ያውቀዋል? በቃኝ ማለት ገበታ ላይ ያምራል። ቢሮ ገብተሽ በቃኝ ካልሽ ያነሱታል። ቁጥሩን በእስክሪብቶ፣ በትልቁ ጻፊው፤ ሲጠይቁሽም ዓይናቸውን እያየሽ ድገሚው።

ስለ መድኃኒቱ፣ ሰሞኑን ዕቃ እያስገባሁ ስለሆነ እጄ ታስሯል። በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ። ለእናቴ ደህና ነው በያት፤ ወፍሯልም በያት፣ ደስ ይላታል።

አጎትሽ ደግፌ

*

ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ደግፌ፣

ማንም አልሞተም። ይኸው ከሰላምታው በፊት ጻፍኩት። ሰላምህ ይብዛ፣ ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክ።

ሥራውን አገኘሁት።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። የጽሑፍ ፈተናውን ከመቶ ምናምን ሰው አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ጠሩን። ሥራ አስኪያጁ ቅጼን አንስቶ «አሥራ አንድ ሺህ» ብሎ አነበበና መነጽሩን አውልቆ አየኝ። እኔም እንዳልከኝ ዓይኑን አየሁት። «ለምን አሥራ አንድ?» አለኝ። ምክንያቱን አልነገርከኝ! ግራ ሲገባኝ «ፈተናውን አንደኛ ወጥቻለሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ያበቃልኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ለቦታው የያዙት እስከ አሥራ ሁለት ሺህ ነው አሉኝ፤ የእኔም ቁጥር አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ጸድቆ መጥቷል። ጋሼ፣ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ባለባጃጁ ሰው ሞቶባት ነው ብሎ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ሶልያና አራት ሺህ ብላ ጽፋ ስላልጠሯት አኩርፋኛለች፤ አራት ሺህ ጻፊ ያልሽው አንቺ ራስሽ ነሽ አላልኳትም።

አሁን የቀረኝ ዋስ ብቻ ነው። ገንዘብ ስለምነካ ደመወዝተኛ ዋስ ይፈልጋሉ። ጋሽ ቦልቴ ከትምህርት ቤታቸው ማስረጃ እያጻፉ ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት ያልከው አልደረሰም፤ ምናልባት ባንኩ ይሆናል። እማማ መርፌውን በቀን ከሁለት ወደ አንድ ቀንሳዋለች። ይበቃኛል ትላለች። እኔ ስቆጣ ትስቃለች።

ሩታ

*

ሩስተንበርግ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተባረከችው ለሩታ፣

ክብር ለስሙ ይሁን። ደብዳቤሽን ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሳነብ ዋልኩ። እህቴ በሕይወት ብትኖር እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እተወዋለሁ።

እንግዲህ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻልና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመጀመሪያው ደመወዝሽ ሲወጣ የእናቴን መድኃኒት አንቺ ያዢው። የቤት ኪራዩንም ጨምሪበት። ለጊዜው ነው። ሱቁን እያሰፋሁ ስለሆነ ገንዘቡ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ለእናቴ ግን ከእኔ እንደመጣ ንገሪያት።

መርፌውን እንዳትቀንስ አደራ። ደመወዙ እስኪወጣ ከሰው ተበደሪ።

የዋሱ ነገር ሲያልቅ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ደግፌ

*

ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ደግፌ፣

ማንም አልሞተም። ጌታ ይጠብቅህ።

ጋሽ ቦልቴ ሰኞ ዕለት ከአረካ መጡ። የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ የደመወዝ ማስረጃውን እንዳይታጠፍ በፕላስቲክ አድርገው ነው የመጡት። ሚኒባስ ውስጥ ላገኙት ሰው ሁሉ «ልጃችንን ላስቀጥር ነው» ሲሉ እንደመጡ በኩራት ነገሩኝ። አብረን ፋብሪካው ሄድን።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወንበር ሰጥታ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ልማዷ ነው መሰለኝ። «ስምንት ሺህ አራት መቶ» አለች። ከዚያ የእኔን ፋይል ገለጠች፣ ከዚያ እንደገና ወረቀቱን አየች።

«አባቴ፣ የዋሱ ደመወዝ ከተቀጣሪዋ ማነስ የለበትም» አለቻቸው።

ጋሽ ቦልቴ አልገባቸውም። «ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ እኮ» አሉ።

«እሱማ ጥሩ ነው። ግን የልጅቷ ደመወዝ ከእርስዎ ይበልጣል።»

ቢሮው ውስጥ ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ። ጋሽ ቦልቴ ወደኔ ዞረው «ስንት ነው ያልሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ተጠንቅቀው መልሰው ፕላስቲኩ ውስጥ ከተቱት።

ምሳ ልጋብዝዎት ብላቸው ሚኒባስ ያመልጠኛል አሉ። መናኸሪያው ድረስ አብረን ሄድን። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሊሳፈሩ ሲሉ «እንኳን በለጥሽን» አሉኝ። እየተቆጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ይህን እንዴት ሳላስብ ቀረሁ ጋሼ? ሒሳብ የተማርኩት እኔ ነኝ። ያንን ቁጥር ስጽፍ ከቤተሰባችን ደመወዝተኛ ሁሉ በላይ መውጣቴ እንደሆነ አንዴም አልታየኝም። አሁን ሳስበው በዘመዶቻችን ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ የሚያገኝ ደመወዝተኛ አንድም የለም። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ ጥሩ ደመወዝ አለው ተብሎ ሄጄ ነበር፤ ለራሱ ልጅ ዋስ ስለሆነ ለሁለተኛ ሰው መሆን አይችልም።

የቀረኝ አንተ ነህ። ኃላፊዋ አዝናልኝ ውጭ ያለ ዘመድ የገቢ ማስረጃውን በኤምባሲ አስረጋግጦ ከላከ ዋናው መሥሪያ ቤት ያየዋል ብላኛለች። አንተ ሱቅ አለህ። አንድ ወረቀት ብቻ ላክልኝ። ቦታውን እስከ ታኅሣሥ 5 ይዘውልኛል።

ሩታ

*

ወላይታ ሶዶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ማንም አልሞተም። እማማ ግን አንድ ቀን ወድቃ ኦቶና ወስጃት ነበር፤ አሁን ተነሥታለች።

ደብዳቤዬን እንዳነበብከው ቴሌግራሙ ላይ አይቻለሁ። ሁለቱ ምልክት ከታየ ቆየ። ደወልኩልህ፣ ስልክህ ይጠራል እንጂ አይነሳም።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ደመወዜን ወደ ስምንት ሺህ አውርዱልኝ፣ ዋሴ ይበቃል አልኩት። መነጽሩን አወለቀ። «ደመወዜን ቀንሱልኝ ብሎ እዚህ የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ። አልሳቀም። ቁጥሩ ዋናው መሥሪያ ቤት ጸድቆ ስለወረደ እሱ አይነካውም። ሁለተኛ የወጣው ልጅ አባቱ የባንክ ሠራተኛ ነው፣ የዋስ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አሁንም ያንተ ወረቀት ከመጣ ይቀበሉታል፤ ቀኑ ግን ከነገ ወዲያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ማታ ቁጭ ብዬ የቤት ኪራዩን፣ የእማማን መድኃኒትና የባጃጅ ሒሳቧን፣ አስቤዛችንን ደመርኩት። አሥራ አንድ ሺህ መጣ። አሥርም አይደለም፣ አሥራ ሁለትም አይደለም። ሙያዬን ገምተህ የሰጠኸኝ ዋጋ ነበር የመሰለኝ። ለካ አንተ መላክ ያቃተህ ገንዘብ ነው። አልተቀየምኩህም፤ ግን ያኔውኑ ብትነግረኝ ያለኝ ዋስ ጋሽ ቦልቴ ብቻ መሆናቸውን አውቄ ከእሳቸው ደመወዝ ዝቅ ብዬ እጽፍ ነበር።

ሱቁ አለ ወይ?

ሩታ

*

ሩስተንበርግ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩታ፣

እግዚአብሔር ያበርታሽ። ሰላምታውን አሳጠርኩት፣ ብዙ ለመመረቅ ፊት የለኝም።

ሱቁ የለም። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት ሰፈሩ በእኛ በውጭ ሰዎች ላይ ተነሥቶ ዕቃውንም፣ በሩንም፣ መደርደሪያውንም ወሰዱት። እኔን አልነኩኝም። ከዚያ ወዲህ የምኖረው ኤርካሎ የሚባል የሀገራችን ልጅ ሱቅ ውስጥ ነው። ቀን እሸጣለሁ፣ ሌሊት እዚያው እተኛለሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ ያበላኛል። እስካለፈው መስከረም የላክሁላችሁ ከሰው ተበድሬ ነው።

ወረቀት ላክ ስትዪኝ መጀመሪያ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። ከዚያ ለምን እውነት አላደርገውም አልኩ። አንድ ቀን ሱቅ ስንዘጋ ኤርካሎን ጠራሁትና «እዚህ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ይህን ያህል እከፍለዋለሁ ብለህ ጻፍልኝ» አልኩት። እሺ አለ፣ ደስ ብሎት ነው እሺ ያለው። ወረቀት አወጣ፣ ስሜን ጻፈ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምሠራ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «ስንት ልበል?» አለኝ።

ሩታ፣ ስለ ደመወዝ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነበር። አሁን ቁጥር ብጠራ፣ እስካሁን ለምን አልከፈልከኝም እንዳልኩት ነው የሚሆነው። ከዚያ የት አድራለሁ? አንቺን ዓይናቸውን እያየሽ ድገሚው ያልኩ ሰውዬ መሬት መሬት እያየሁ «አንተ እንዳልክ» አልኩት። እሱም የቁጥሩን ቦታ ዘሎ «ታማኝ ነው፣ እንደ ወንድሜ ነው» ብሎ ፈረመልኝ። ወረቀቱ እዚህ አለ። ምን ላደርገው እንደምችል አላውቅም።

ቀኑ እንዳለፈ አውቃለሁ። ስልኩ ሲጠራ እየሰማሁ ነው ያላነሳሁት። የምልሽ ስላልነበረኝ ነው።

እናቴ ወድቃ ምኗን መታት? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ደግፌ

*

ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አጎቴ ለጋሼ ደግፌ፣

ማንም አልሞተም። ሰላም ላንተ ይሁን፤ በሰው ቤት የሚያድር ሰውን የሚጠብቅ አምላክ ይጠብቅህ። ሳልመልስልህ የቆየሁት አኩርፌ አይደለም፣ ሥልጠና ላይ ነበርኩ።

እማማን ጉልበቷን ነው የመታት። በምርኩዝ ትሄዳለች።

የፋብሪካውን ሥራ ባለ ባንኩ ልጅ ጀምሮታል። መንገድ ላይ አግኝቼው አንገቱን ደፋ፤ እሱ ምን አደረገ? በሰባት ሺህ ነው የገባው አሉ።

እኔ ሳውዲ ልሄድ ነው። እዚሁ ሶዶ ያለ ኤጀንሲ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ነው፣ አትፍራ። የቤት አያያዙን ሥልጠና ጨርሼ ፈተናውን አልፌያለሁ። ብረት ምጣድ እንዴት እንደሚታጠብ ተፈትኜ እዚህም አንደኛ ወጣሁ። ዲግሪዬን አልጠየቁኝም፤ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል አሉ። የሚጠብቁት ደመወዝ የሚል ቦታም ቅጹ ላይ የለውም። ደመወዙ ከወዲያ ተጽፎ ነው የሚመጣው፣ ከእኔ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው። ዋስም አይጠይቁም።

ለምን እዚሁ አልፈለግሽም እንዳትለኝ፤ ሁለት ቦታ አመልክቼ ነበር። ቁጥሩ ጋ ስደርስ እጄ አልጽፍ አለኝ። ዝቅ ባደርገው እማማ መርፌ ታጣለች፣ ከፍ ባደርገው ዋስ አጣለሁ። ወረቀቱን ባዶውን ይዤ ወጣሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ ጋሼ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የሶዶውን ቤት ለቅቀናል። እማማን አረካ ጋሽ ቦልቴ ጋ ወሰድኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተያየንም ነበርና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ሻንጣዋን ተቀበሉኝ። መርፌውን እንዴት እንደሚወጉ አሳየኋቸው፤ ደብተር አምጥተው እንደ ተማሪ ጻፉት። መድኃኒቱን የምልከው እኔ ነኝ። እማማ ግን አሁንም ካንተ ነው የሚመስላት፣ እንደዚያው ይቅር። ወፍሯል ብያታለሁ።

በረራዬ በየካቲት ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት የእማማን እሸፍናለሁ፣ ከዚያ ለአንተ የመመለሻ ትኬት እቆርጥልሃለሁ። ትኬቱ ብቻ አይበቃህም፤ የተበደርከውም አለ፣ ባዶ እጅህን መምጣትም አትፈልግም፣ አውቅሃለሁ። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ስንት እንደሚያስፈልግህ ጻፍልኝ።

በቁጥር ጻፈው። «አንቺ እንዳልሽ» እንዳትለኝ።

የእህትህ ልጅ ሩታ